ለሽምግልና የማይቀርብ ገላ



የዛሬው ንግግሬ የታሰረን ሰው ስለማሰቃየት ነው። በሕዝብ ስም የሚያስተዳድር መንግሥት ለሕሊና የሚከብድ ነገር ሲገጥመው እስከ የት ድረስ ሊደራደር ይችላል የሚለውንም አነሣለሁ።

በአንድ ሳምንት ልጀምር። ሰኞ ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቆመው መንግሥት እስረኞችን ይገርፍ፣ በጨለማ ቤትም ያስቀምጥ እንደነበር ተናገሩ። ሕገ መንግሥቱ ይህን እንደማይፈቅድ፣ ድርጊቱም በራሱ በመንግሥት የተፈጸመ ሽብር እንደሆነ አመኑ። በዚያው ሰኔ እዚህ ወልቂጤ ውስጥ አብሮ በኖረ ሕዝብ መካከል ግጭት ተነሥቶ ደም ፈስሶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት በተናገሩ በቀናት ውስጥ ወደዚህ መጥተው ከነዋሪው ጋር ተነጋገሩ። ቅዳሜ ሰኔ 16 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በተጠራው ትልቅ ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ሰው ሞተ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ቆሰሉ።

ሰኞ የተነገረው ቃል ቅዳሜ ተፈተነ። አትግረፍ ማለት የሚቀለው ሁሉም ሰላም በሆነበት ቀን ነው። ቦምብ በፈነዳ ማግሥት፣ ተጠርጣሪው ተይዞ ጣቢያ ከገባ በኋላስ? ቃሉ የሚለካው በዚያ ሰዓት ነው።

የሌላውን ወገን ክርክር ሳላከብር ማለፍ አልፈልግም። በቡታጅራ ዙሪያ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስቃንና በማረቆ ማኅበረሰቦች መካከል በተደጋጋሚ በተነሣ ግጭት ሰው ሞቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት አለች። የሚቀጥለው ጥቃት ከየት እንደሚመጣ ያውቃል የተባለ ወጣት ቢያዝ፣ ያቺ እናት መርማሪውን ምን ብላ እንደምትለምነው እናውቃለን፤ «አናግረው፤ የሌላዋ ልጅ እንኳ ይትረፍ» ትላለች። ይህች ሴት ጨካኝ አይደለችም። ሐዘኗ እውነተኛ ነው፤ ፍርሃቷም መሠረት አለው። ለእርሷ የማይሆን መልስ ይዤ እዚህ ልቆም አልችልም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ማይክል ዋልዘር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ፖለቲከኞች የቆሸሸ እጅ በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ያነሣል። በየሕንፃው ቦምብ ተጠምዷል፤ ቦታውን የሚያውቅ የዐማፅያን መሪ ተይዟል፤ ግረፉት ብሎ የሚያዝዘውም ማሰቃየትን የሚጠላ ደግ መሪ ነው። ዋልዘር ይህን መሪ ንጹሕ ነህ አይለውም። በደል ፈጽመሃል፣ ጥፋተኛነቱ ሊሰማህ ይገባል፣ ዋጋውንም መክፈል አለብህ ይለዋል። ከጽሑፉ የምወድደው ይህን ሐቀኝነት ነው። የማልስማማው ግን ማሰቃየትን ፖለቲከኛ ከሚያደርጋቸው ሌሎች አስቸጋሪ ስምምነቶች ጋር በአንድ መደብ ሲያስቀምጠው ነው። ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችንን የቅርብ ዓመታት እንይ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በክልል የመደራጀት ጥያቄ አቀረበ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ዞኖች ጋር በአንድ ክልል የሚያስገባው የክላስተር አደረጃጀት ለውሳኔ ሲቀርብለት ደግሞ በ52 ድምፅ ለ40 ሳይቀበለው ቀረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ጉራጌም በዚያው ውስጥ ሆነ፤ ቡታጅራን ማዕከሉ ያደረገ የምሥራቅ ጉራጌ ዞንም ተቋቋመ። በዚህ የተደሰተ አለ፤ ያዘነ አለ፤ ጥያቄው ገና አልተመለሰም የሚልም አለ። ሁላችሁም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል። ማን ልክ እንደነበር ለመፍረድ አልመጣሁም። ግን 52ቱም 40ዎቹም ሊከራከሩበትና ሊደራደሩበት የሚችሉት ነገር የራሳቸው ነበር፤ ስማቸው፣ በጀታቸው፣ ቢሯቸው፣ የወደፊት ተስፋቸው። ሰው የራሱን ከፍሎ ሰላም ሲገዛ ውሳኔው ቢያምም ክብር አለው።

በደም ጉዳይም ሽማግሌዎቻችን የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የሟች ቤተሰብ በቀሉን ይተዋል፤ የገዳይ ወገን ካሳ ይከፍላል፣ አንገቱንም ይደፋል። ሁለቱም ከራሳቸው ቀንሰው ይሰጣሉ።

እስረኛን የሚያስገርፍ ባለሥልጣን ከራሱ ምን ሰጠ? ለአገር ደኅንነት ስል ከበድ ያለ ውሳኔ ወሰንኩ ይላል። የተሰቀለው እግር ግን የሌላ ሰው ነው። ያ ሰው በድርድሩ አልተጠየቀም፤ እሺም እምቢም ማለት አይችልም። ሕሊናዬን ሠዋሁ የሚልም አለ። የሕሊናውን ሕመም አልክድም፤ ሆኖም ያ ሕመም በእስረኛው ላይ ከደረሰው ጋር በአንድ ሚዛን አይወጣም፤ ደግሞም ከእስረኛው በፊት እርሱ እቤቱ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ይህ ድርድር አይደለም። የሰው ገንዘብ አንሥቶ የራስን ዕዳ መክፈል ነው። ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃው ነው።

ወደ ደርግ ዘመን ልመለስ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተማ የደርግ ሰዎችና የቀበሌ ሹሞች ይገደሉ ነበር። ደርግም አብዮቱ አደጋ ላይ ነው ብሎ ቀይ ሽብርን አወጀ። የያኔው ትውልድ ወፌ ላላን ያስታውሰዋል፤ እጅና እግር ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ውስጥ እግርን መገረፍ ነበር። ሰው ሲገረፍ ስም ይጠራል። የሚያውቀው ነገር ያለው ያወጣል፤ ምንም የማያውቀውም ስቃዩ እንዲቆምለት በሐሳቡ የመጣለትን ሰው ይጠራል፤ የጎረቤቱን ልጅ፣ የክፍል ጓደኛውን፣ አንድ ጊዜ የተጣላውን። የተጠራውም ይያዛል፤ እርሱም በተራው ይጠራል። መርማሪው እውነተኛውን ስም ከሐሰተኛው የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጩኸት ነው የሚወጡት። የጠላት ቁጥር በዚህ መንገድ በየቀኑ ጨመረ፤ ደርግም ቁጥሩን አይቶ ግርፋቱ ልክ እንደነበር አመነ። ለደኅንነት ያስፈልጋል የተባለው ነገር አገሪቱን ያለ አንድ ትውልድ አስቀራት።

ከዚያ ፍርድ መጣ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በሌለበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ። በአፍሪካ ምድር አንድ አገር የራሱን ገዥዎች በራሱ ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ወንጀል ማቅረቡ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያው በአዲስ አበባ፣ ችሎቱ በሚካሄድባቸው ዓመታት፣ ማዕከላዊ የተባለው የፖሊስ ምርመራ ጣቢያ እስረኛ ይቀበል ነበር። በደርግ ጊዜ የሚገረፍበት ሕንፃ በኢሕአዴግም ጊዜ መገረፊያ ሆኖ ቀጠለ። እስረኞቹ ክፍሎቹን በስም ያውቋቸዋል፤ ጨለማ ቤት፣ ጣውላ ቤት፣ ከቅዝቃዜው የተነሣ ሳይቤሪያ የተባለው። ሂውማን ራይትስ ዎች በዚያ ይደረግ ስለነበረው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰፊ ሪፖርት አውጥቷል። ማዕከላዊ የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለሕዝብ ጉብኝት ተከፈተ።

ገራፊዎቹን እየቀጣን ግርፋቱን እንዴት አስቀጠልን? የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በደርግ ላይ የተጠላው ማንን እንደገረፈ እንጂ መግረፉ አልነበረም። የእኛን ልጆች ገረፈ ተባለ። የእኛ ያልሆነውን ለመግረፍ በሩ ሳይዘጋ ቀረ።

በዚህ መካከል ድምፅ የሰጡ እጆች አሉ። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በምክር ቤት ቀርቦ በድምፅ የጸደቀ ሕግ ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪን በየ28 ቀኑ ቀጠሮ እየጠየቀ እስከ አራት ወር ድረስ በምርመራ ስም እንዲያቆየው ፈቀደ። እጃቸውን ያወጡት የሕዝብ እንደራሴዎች ግረፉ ብለው አልመረጡም። አራት ወር ጠበቃና ቤተሰብ በቅጡ በማያየው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ለመገመት አያስቸግርም ነበር። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የተተካው ከ10 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ አልፈዋል። ፈረንሳይ ትገዛት በነበረችው አልጄሪያ፣ በአልጀርስ ከተማ የሆነውን ጊዜ ወስጄ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ለእኛ ለወረቀት ሰዎች፣ ለፈራሚዎቹ፣ የሚናገረው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1956 ፌርናን ኢቭቶን የተባለ ሰው በአልጀርስ ጋዝ ፋብሪካ ቦምብ አስቀምጦ ተያዘ። ሁለተኛ ቦምብ እንዳለ ተጠረጠረ፤ ቢፈነዳ ብዙ ሰው ያልቃል። የከተማው የፖሊስ ኃላፊነት የነበረው ፖል ቴትዤን ነበር። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ጌስታፖ ተገርፎ ዳኻው የተባለው ካምፕ የታሰረ ነው። ኢቭቶን ይገረፍ ሲባል እምቢ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲንቀጠቀጥ እንደዋለ ራሱ ተናግሯል። ቦምቡ አልፈነዳም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ቴትዤን ቢከለክልም የጣቢያው ፖሊሶች ኢቭቶንን አሰቃይተውታል። ከላይ የተነገረ ክልከላ ወደ ምድር ቤት አልወረደም። በሚቀጥለው ጥር ደግሞ ሥልጣኑ ለጄኔራል ማሱ ወታደሮች ተላለፈ። ቴትዤን የያዙትን ሰው በግዞት ለማቆየት የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ይፈርም ነበር፤ ቢያንስ ወረቀት ካለ ሰው አይጠፋም ብሎ። በኋላ ሲቆጥር በወረቀቱ ከተያዙት መካከል ከ3,000 በላይ ሰዎች የት እንደገቡ አልታወቀም። የእርሱ ፊርማ ገራፊዎቹን ሕጋዊ አስመስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራውን ለቀቀ። ፈረንሳይ በዚያን ጊዜ ምርጫ የምታካሂድ፣ ነፃ ጋዜጣ ያላት፣ የሰብዓዊ መብት አገር ነኝ የምትል ዴሞክራሲ ነበረች። በአልጀርስ የነበሩትን ቦምብ ጣዮች ለቃቅማለች፤ አልጄሪያን ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አጥታለች።

በጀርመን ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ2002 የደረሰው ደግሞ አጭር ነው። አንድ የሕግ ተማሪ የ11 ዓመት ልጅ አግቶ ተያዘ። ምክትል የፖሊስ አዛዡ ቮልፍጋንግ ዳሽነር ልጁን ለማዳን ሲል ተጠርጣሪው ካልተናገረ ከባድ ሕመም እንደሚደርስበት እንዲነገረው አዘዘ። ሰውየው ወዲያው ተናገረ፤ ልጁ ግን አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ዳሽነር ያዘዘውን በመዝገብ ላይ በራሱ እጅ ጽፎ አስቀምጧል፤ ተከስሶም ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ቀላል ነበር። ቢሆንም የማከብርለት ነገር አለ፤ ያደረገውን አልደበቀም፤ ፍርድ ቤቱም ዓላማህ ጥሩ ነው ብሎ ነፃ አላወጣውም። ያቺን ያልኳችሁን እናት ሳስብ ይህን ጉዳይ አስባለሁ። ማስፈራራቱ የመለሰው ሬሳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እውነትን ከሰው በግድ ማውጣት በዚህ አገር በደርግ አልተጀመረም። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ወንጀለኛው ካልታወቀ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ስም እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ አልነበረም። በሌባሻይ ደግሞ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን የሳተ ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ባህል ነው ብለን ልናሞግሳቸው አይገባም።

በአንጻሩ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ የክስታኔ ጎርደና ሴራ፣ የመስቃን ፈራገዘኘ አሉን። በእነዚህ ሸንጎዎች ፖሊስ የለም፤ ወህኒ ቤት የለም። ዳኞቹ ምስክር ይሰማሉ፤ ይምሉ ዘንድ ያዛሉ፤ ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ውሳኔን እምቢ ያለ ሰው ላይ የሚደርሰው ከባዱ ቅጣት ከማኅበሩ መገለል ነው። መሃላ ሐሰተኛን ሁሉ አይይዝም፤ ያመለጠ ወንጀለኛ ይኖራል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ እያወቁም ችለውታል። እነዚህ ሸንጎዎች ፍጹም ነበሩ ማለቴ አይደለም። ሴትን ወደ ጎን ያደረገ ሥርዓት ስለነበር ነው የቃቄ ወርድወት የጆካን ዳኞች ፊት ለፊት የሞገተችው። ግን የእርሷን ሙግት ቁጭ ብለው ሰሙ፤ አስረው አላናገሯትም። ማስገደድ የሌለበት ፍርድ ለዚህ አገር ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ካለ የጆካን እንዲጠይቅ እጋብዘዋለሁ።

የተጻፈው ሕጋችንም ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ፣ ተገድዶ የሰጠውም ማስረጃ እንዳይሆን ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይታገዱ ጥቂት መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 18ን ከመካከላቸው አስቀምጧል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የፀረ ማሰቃየት ስምምነትም ጦርነትም ሆነ ሌላ አደጋ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይናገራል። የጎደለው ሌላ ነው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 424 መርማሪ በእስረኛ ላይ የሚፈጽመውን ጭካኔ ይቀጣል፤ ማሰቃየትን ግን ስምምነቱ በሚጠይቀው ስፋት ተርጉሞ ራሱን የቻለ ወንጀል አላደረገውም። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ይህን ደጋግሞ አሳስቧል። ከዚህ አካባቢ ወደ ምክር ቤት የምንልካቸው ሰዎች ሊጠየቁበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ይቅርታና ዕርቅ ይኖራል፤ ለሰላም ሲባል ብዙ ነገር መተው ሊያስፈልግ ነው። እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎችን፣ ኢሰብዓዊ ድብደባንም ጨምሮ፣ በምሕረትም በይርጋም እንዳይታለፉ አስሯል። የተገረፈው ሰው ይቅር ማለት ይችላል፤ ቁስሉ የእርሱ ነውና። እኛ በእርሱ ፋንታ ይቅር ልንል አንችልም።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በዚህ ዞን ከአደረጃጀት ጥያቄ ጋር በተያያዘ ሰዎች ሲታሰሩ አይተናል። ያኔ የሰማሁት አነጋገር አሁንም ይከብደኛል፤ «ያለ ነገር አልታሰረም» ይላል አንዱ፤ «የእነሱ ሰው ነው፣ ይበለው» ይላል ሌላው። ስለ ክላስተር ያለን አስተያየት አንድ የታሰረ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ሊወስን አይገባም። የገራፊ ትልቁ ደጋፊ ይህ የጎረቤት ዝምታ ነው፤ ከአለቃው ትእዛዝ ይልቅ የሚያደፋፍረው እርሱ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለእያንዳንዳችሁ ነው። ዳኞች ሆይ፣ ተጠርጣሪ ፊታችሁ ሲቀርብ የ14 ቀን የምርመራ ቀጠሮ ከመፍቀዳችሁ በፊት ፖሊሱን አስወጥታችሁ ጠይቁት፤ አረማመዱን እዩ፤ ያለውን በመዝገብ ጻፉ። ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከጣቢያ የመጣ ቁስለኛ ስታክሙ ያያችሁትን እንዳያችሁት በካርዱ ላይ አስፍሩ፤ «ወደቀ» ብላችሁ አትጻፉ። ዐቃቤ ሕጎች፣ በእምነት ቃል ብቻ የቆመ መዝገብ ሲመጣላችሁ መልሱት። የምክር ቤት አባላት፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉትን የፖሊስ ጣቢያዎች ሳታስታውቁ ጎብኙ። የሕግ ተማሪዎች፣ ነገ አለቃችሁ ፈርሙ ሲላችሁ ቴትዤንን አስታውሱ። እናንተም ወገኖቼ፣ የምትጠሉት ሰው ሲታሰር ስንቅ ይዘው የሚሄዱትን ቤተሰቦቹን ደኅና ነው ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ አላየነውም ካሏችሁም አብራችኋቸው ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።